ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ

ባቢከር የወደቀው የመበየጃው ብረት በእጁ እንዳለ ነው። መዲና የሚያር ነገር ሲሸታት መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ምድጃው ነበር። ምድጃው ላይ ግን ምንም አልተጣደም። ሽታውን ተከትላ ከሆሹ፣ ከግቢው ማዶ ወዳለችው ክፍል ስትገባ ባሏን ከጠረጴዛው ሥር በቀኝ ጎኑ ተዘርግቶ አገኘችው። የጋለው ብረት የወለሉን ላስቲክ ምንጣፍ እያቀለጠ ይጨሳል። የባሏ ዓይን ክፍት ነው፤ ያያታል።

«ምን ሆንክብኝ አቡ ሰውሰን?» አለችው።

«ቡክራ» አላት።

ነገ ማለቱ ነው። መዲና ከወሎ ወጥታ ሱዳን የገባችው በልጅነቷ ስለሆነ ቃሉን አሳምራ ታውቀዋለች። ነገ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም። «ነገ ምን?» ብላ ጠየቀችው። ቡክራ አላት፤ አሁንም ቡክራ። ያኔ ነው አፉ ወደ አንድ ወገን መጣመሙን አይታ ጎረቤት የጠራችው።

ልጃቸው ሰውሰን ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ክፍል በአንድ ወርሻ፣ በጥገና ቤት፣ የማቀዝቀዣና የስታቢላይዘር ሰሌዳ ትጠግናለች። ከሥራ ቦታዋ ተጠርታ ሐኪም ቤት ስትደርስ አባቷ አልጋ ላይ ነበር፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ የሌላ ሰው ይመስል አጠገቡ ተጋድመዋል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሳትቸኩል አስረዳቻት። አባትሽ ይሰማል፣ ያያል፣ ያስባል። የተጎዳው ቃል የሚወጣበት ቦታ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ አንዲት ቃል ብቻ ትቀራለች፤ ሊል የፈለገው ሁሉ በእሷው በኩል ይወጣል።

«አዎንና አይደለምንስ ይለያል?» አለች ሰውሰን።

«ይደባለቅበታል። አዎ ለማለት ፈልጎ ራሱን በእምቢታ ሊወዘውዝ ይችላል። አትቆጡት።»

ንግግር የምታለማምድ አንዲት ባለሙያ በከተማው ነበረች አሉ። እሷም ወደ ዐረብ አገር ሄዳለች፤ በቦታዋ የተተካ ሰው የለም።

የባቡሩ ነገር የጀመረው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መግቢያ ነው። መዲና ያኔ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከጀርመኖች ቤት ትሠራ ነበር። ቤተሰቡ አገሩን ለቆ ሲሄድ የቤቱ እመቤት ለወንድ ልጅሽ ብላ አንድ ካርቶን ሙሉ የመጫወቻ ባቡር ሰጠቻት። ሁለት የባቡር ራስ፣ አንዱ ቀይ አንዱ አረንጓዴ፤ ጥቂት ፉርጎዎችና ተቀጣጣይ ሐዲዶች። ወንዱ ልጅ ጂብሪል ጥቂት ተጫወተበትና ወደ ኳሱ ተመለሰ። አባትየው ግን ካርቶኑን ከፍቶ ሐዲዱን መሬት ላይ ከዘረጋ ወዲያ መልሶ ሊዘጋው አልቻለም።

ባቢከር ዕድሜውን የፈጀው በባቡር ጣቢያ ነው። ነጂ አልነበረም፤ መስመር ጠባቂ ነበር። በረሃው መሐል ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ባቡር ከመንገዱ ሳይወጣ ሌላው እንዳይገባበት የሚያግደውና የሚለቀው እሱ ነው። ጡረታ ሲወጣ ከፈረሰ ቤት ሁለት አሮጌ በር አምጥቶ ገጣጠመና ጠረጴዛ ሠራ፤ ሐዲዱንም ከነድልድዩ፣ ከነመተላለፊያ ቅርንጫፉና ከነማዞሪያው በላዩ ዘረጋ። መዲና እንግዳ የምታሳድርበት ክፍል በዚያው ቀረ። «የሰው ባል ሁለተኛ ሚስት ያመጣል፣ የኔው ባቡር አመጣብኝ» ትል ነበር ለጎረቤቶቿ እየሳቀች።

ለብዙ ዓመታት የሚዞረው አንድ ባቡር ብቻ ነበር። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በራሱ በሐዲዱ ውስጥ ስለሆነ፣ መቆጣጠሪያውን ሲያዞሩት ሐዲዱ ላይ ያለው ሁሉ እኩል ይነሳል፣ እኩል ይቆማል። ሁለት ባቡር ለየብቻ መንዳት ለፈለገ ሰው ሐዲዱን ቦታ ቦታው ላይ መቁረጥ፣ ኤሌክትሪክ ከክፍል ወደ ክፍል እንዳያልፍ መለየት፣ ለእያንዳንዱም ክፍል ከሥር የራሱን ሽቦና የራሱን ማብሪያ መሳብ የግድ ነው። ባቢከር በፈረንጆቹ 2003 ይህንኑ ጀምሮ ነበር። የት እንደቆረጠ፣ የትኛው ሽቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ለማንም አልተናገረም፤ የትም አልጻፈም። ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ቀና ብሎ ላየ ሰው የሽቦው ብዛት የወፍ ጎጆ ይመስላል፤ ግማሹ ተበይዷል፣ ግማሹ ጫፉ ተልጦ ተንጠልጥሏል።

ከሐኪም ቤት በተሽከርካሪ ወንበር ሲመለስ ወደ አልጋው አልሄድ አለ። ግራ እጁን ወደ ባቡሩ ክፍል ዘርግቶ ቡክራ፣ ቡክራ ሲል ወሰዱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ከጠረጴዛው ጎን ያስቀምጡታል፤ ማታ ያነሱታል። ቀኑን ሙሉ በግራ እጁ ሐዲዱን እየዳበሰ ይውላል።

«ይሄን ነገር ጨርሺለት» አለች መዲና አንድ ቀን ለልጇ። «ባቡሩ የሄደለት ቀን ምላሱ ይፈታል። ልቤ ነግሮኛል።»

«ዩማ፣ ደክቶራዋ ያለችውን ሰምተሻል እኮ» አለች ሰውሰን እናቷን።

«ደክቶራዋ የራሷን አለች። አንቺ ሽቦ አታውቂም እንዴ?»

ሰውሰን የሰው ምላስ በባቡር እንደማይፈታ ታውቃለች። እናቷን እምቢ የምትልበት አፍ ግን አልነበራትም። «ኸላስ፣ በቃ እሞክራለሁ» አለች።

ዓርብ ዓርብና ከወርሻ ቀደም ብላ በወጣች ቀን ሁሉ ቴስተሯን ይዛ ጠረጴዛው ሥር ትገባለች። በጀርባዋ ተኝታ አንዱን ሽቦ ከጫፉ ይዛ እስከ መድረሻው ትከተላለች። መጀመሪያ ላይ አባቷ አጠገቧ መሆኑ ያበረታታት ነበር፤ መልሱ እዚያው፣ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጧል። ያልገባት ቦታ ስትደርስ ብቅ ትልና የሽቦውን ጫፍ ታሳየዋለች።

«ባባ፣ ይሄ ወደ ድልድዩ ነው?»

«ቡክራ።»

«ወደ ማዞሪያው ነው?»

«ቡክራ» ይላል፣ አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ከፍ ያለው አዎ ይሆናል ብላ ትበይዳለች። ማብሪያውን ስትጫን ሌላ ክፍል ላይ ያለ ባቡር ይንቀሳቀሳል። ታዲያ ዝቅ ያለው ይሆን አዎ? እሱንም ሞከረችው፤ አልሆነም። ለአዎ ግራ እጅህን አንሳ፣ ለአይደለም ዓይንህን ጨፍን አለችው። እጁን አነሳ፤ ዓይኑንም ጨፈነ። ከዚያ ባንድ ጊዜ ፊቱ ቀላ፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፤ ልክ በር ተዘግቶበት ከውስጥ እንደሚገፋ ሰው ጠረጴዛውን በእጁ ገፋው፣ ገፋውና እንባው ወረደ። ሰውሰን እንባውን በሻሿ ጫፍ ጠረገችለት። ሌላ ምን ታደርግ።

ጂብሪል ከጅዳ ሲደውል ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጉለታል። ያን ጊዜ ባቢከር ብዙ ያወራል፤ ልጁን እየመከረ ይመስላል፤ የሚሰማው ግን ያችው ቃል ናት።

«ምንድን ነው የሚለኝ ዩማ?» ይላል ጂብሪል። «ነገ ምን?»

«ነገም ደውል ነው የሚልህ ልጄ» ትለዋለች መዲና።

እሱም አምኖ በማግስቱ ደወለ። ከዚያ በኋላ ሥራ ያዘው።

የሽቦው ሥራ እንደምንም ወደፊት ሄደ። የባቢከርን ሐሳብ መከተል ሲያቅታት ሰውሰን በራሷ መንገድ መሥራት ጀመረች። ቀጥ ያለውን መስመር አስተካከለች፤ ድልድዩንም እንዲሁ። በአቧራ ነፋሱ ሰሞን ሐዲዱ ላይ የሚተኛው ደለል ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ፣ በየጊዜው በአልኮል በነከረችው ጨርቅ ትወለውለዋለች። ያስቸገራት ከመስመሩ ጫፍ ያለው ማዞሪያ ነበር። ባቡሩ እዚያ ክብ ውስጥ ገብቶ ፊቱን አዙሮ በመጣበት ሐዲድ መመለስ አለበት። ሊመለስ ሲል ግን መቆጣጠሪያው ጥዝዝ ይልና ይጠፋል። ሾርት ነው። ብያጁን ደጋግማ አየች፤ ጤነኛ ነው። ሲደክማት ወረቀት ላይ ሣለችው። ሐዲዱ ሲዞር ግራው ብረት መጥቶ ከቀኙ ጋር ይገጥማል፤ ደጉም ክፉም እሳት፣ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ፣ በአንድ ላይ ይገናኛል ማለት ነው። ክቡን ከሁለቱም ጫፍ ቆርጣ ለየችውና አቅጣጫ የሚገለብጥ ማብሪያ ለብቻው ሰጠችው።

በሚቀጥለው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እናቷን ጠራቻት። መዲና እጇን እየጠረገች መጣች። ሰውሰን ቀዩን ከአንድ ጫፍ፣ አረንጓዴውን ከሌላው አስነሳች። ቀዩ ማዞሪያው ውስጥ ገባ፤ ማብሪያውን ገለበጠችለት፣ ዞሮ ወጣ። አረንጓዴው ድልድዩን ተሻገረ። ሁለት ባቡር፣ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት፣ በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም። መዲና ግን ባቡሩን አላየችም፤ የባሏን አፍ ነበር የምታየው።

ባቢከር ባቡሮቹን በዓይኑ ተከተላቸው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አቡ ሰውሰን፣ ተመልከት እንጂ፣ ሄደልህ እኮ።»

በግራ እጁ ወደ ጠረጴዛው ሥር አመለከተ። ቡክራ አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ለማይገባው ልጅ እንደሚያስረዳ አስተማሪ። ሰውሰን ጎንበስ ብላ አየች። ያመለከተበት አቅጣጫ ሽቦ ነው፣ ወለል ነው፣ የጠረጴዛ እግር ነው፣ ዕቃ የሞላበት አሮጌ ከረጢት ነው። ሁሉንም እየነካች ጠየቀችው። ሁሉንም ቡክራ አለ።

ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤት ለቅሶ ሆነ። እናትና ልጅ ደርሰው ለመመለስ ብለው ባቢከርን ወንበሩ ላይ ትተውት ሄዱ። ሲመለሱ ወንበሩ ባዶ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል፤ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ደም አለ። በግራ እጁ እፍኝ ሙሉ ሽቦ ጨብጧል፤ ሌላው ዙሪያውን ተበታትኗል። ሰውሰን የወራት ሥራዋን አየች። አንድም ክፍል የተረፈ አልነበረም።

«ለምን ባባ?» አለችው። «ለምን እንዲህ ታደርገኛለህ? ምን በደልኩህ?» ድምፏ ከፍ ሲል ራሷን ሰማች። አባቷን ተቆጥታው አታውቅም።

መዲና ጎንበስ ብላ የባሏን ብብት ያዘች። ሊያነሱት ሲሉ እምቢ አለ። ከጨበጠው ሽቦ አንዱን ለይቶ የልጁን መዳፍ ከፈተና አስቀመጠበት፤ ጣቶቿንም በላዩ አጠፈላት። ቢጫ ሽቦ ነበር፤ ሁለት ጫፍ ያለው፣ ከየትም ያልተያያዘ። ይሄን እዚህ አግቢው ማለቱ ነው? ወይስ ማሌሽ፣ ይቅር በዪኝ ማለቱ? ሠራሽው ብሎ ነው ወይስ አበላሸሽው? ሰውሰን ሽቦውን እንደያዘች ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ምኑን እንደምትጠይቀው እንኳ ጠፋት።

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ሥር መግባት ተወች። መዲናም ጨርሺለት ማለቷን ተወች።

አም ኢሳ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ከባቢከር ጋር በአንድ ጣቢያ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ መታመሙን የሰሙት ከአትባራ ሲመለሱ ነው። ወዳጃቸው ቡክራ ብቻ ሲላቸው ቆይተው መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉት። ሰውሰን የተነቃቀለውን ሽቦ አሳየቻቸው።

«ምን ሊሠራ እንደነበር ነግሮዎት ያውቃል?»

«እኔ የማውቀው ትልቁን ባቡር ነው ልጄ። እንዲህ ያለውን አላውቅም።» ጎንበስ ብለው ከረጢቱን በእግራቸው ጠጋ አደረጉት። «ይሄ ምንድን ነው?»

ሰውሰን ከረጢቱን ከፍታ አይታዋለች። ከአሮጌ መኪና የተፈቱ ሪሌዎች ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ቀጭ ብለው ሌላ መስመር የሚዘጉ ወይም የሚከፍቱ። ባሕሪ ካሉ የመኪና ዕቃ ሻጮች የሰበሰባቸው ይሆናል ብላ ከሥራው አልቆጠረቻቸውም ነበር። ምን እንደሚያደርጉ ስታስረዳቸው አም ኢሳ አንዱን ሪሌ አንስተው በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት።

«ባቢከር በሰው እጅ አያምንም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «በራሱም እጅ ቢሆን። ሌሊት ተረኛ ሆነን 'እንቅልፍ ቢጥለኝስ ኢሳ፣ ሁለቱንም ብለቃቸውስ' ይለኝ ነበር። ማንም ሳይነካው በራሱ የሚያግድ ነገር ነው የሚያልመው። አንዱ ከገባ ሌላውን በራሱ የሚያቆም። ምናልባት እሱን ይሆናል።»

ባቢከር በግራ እጁ የአም ኢሳን እጅጌ ያዘ። ቡክራ አለ፤ አለና ደገመው፤ አልለቅ አላቸው። መዲና «ነው! እሱን ነው ያለው» ብላ አለቀሰች። ሰውሰንም ማመን ፈለገች። ግን አባቷ አም ኢሳ ገና በር ላይ ሲደርሱም እጅጌያቸውን እንዲሁ ነበር የያዘው።

ያም ሆኖ እንደገና ጀመረች። በየባቡሩ ሆድ ትንሽ ማግኔት ለጠፈች፤ ሐዲዱ መሐል ማግኔት ሲያልፍበት የሚገጥም ትንሽ ማብሪያ ቀበረች፤ ሪሌዎቹንም በተራ ደረደረች። አንዱ ባቡር መስመሩ ውስጥ ሲገባ ሪሌው ቀጭ ብሎ የሌላውን ክፍል ኤሌክትሪክ እንዲቆርጥ፣ ሲወጣ እንዲመልስለት ነው። አባቷ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያያታል። አሁን አያመለክትም፣ አይቆጣም። ይህ ዝምታ ደስታ ይሁን ተስፋ መቁረጥ አታውቅም፤ ደስታ ነው ብላ ትሠራለች።

ሥራው ሳያልቅ ዝናቡ ገባ፤ ባቢከርም ለሁለተኛ ጊዜ ተመታ። ያችም አንዲት ቃል ሄደች። ሐኪሞቹ ጥቂት አቆይተው ወደ ቤቱ ውሰዱት አሉ። ዓይኑ ይከፈታል፤ ሰው ላይ ግን አያርፍም።

«ምን ቀረሽ?» አለች መዲና፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ ባቡሩ ስትጠይቅ።

«ትንሽ ነው። ግን ዩማ፣ ምን ያደርጋል አሁን?»

«ጨርሺው።»

ጨረሰችው። የባቢከርን አንገረብ፣ የጠፍር አልጋውን፣ በሁለት በኩል ይዘው ወደ ባቡሩ ክፍል አስገቡት። ሰውሰን ሁለቱንም መቆጣጠሪያ ከፈተችና እጇን አነሳች። አረንጓዴው ወደ ድልድዩ ሲገባ ከወዲያ የሚመጣው ቀዩ ባቡር መተላለፊያ ቅርንጫፉ ላይ በራሱ ቆመ። አረንጓዴው አልፎ ማዞሪያው ውስጥ ሲገባ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀዩ መንገዱን ቀጠለ።

«ማነው ያቆመው?» አለች መዲና።

«ማንም። ራሱ ነው።»

ባቢከር ጣሪያውን ያያል። መዲና አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አዞረችው። ስትለቀው ጭንቅላቱ ወደነበረበት ተመለሰ። እንደገና አዞረችውና መዳፏን ጉንጩ ሥር አድርጋ ይዛ ቆየች።

«ይሄ ነው ሲለን የከረመው?»

«አላውቅም ዩማ።»

«ነው በዪኝ።»

ሰውሰን እናቷን አየቻት። «ነው» አለች።

መዲና ራሷን ነቀነቀች፤ ለባሏም በጆሮው «ነው አለች» ብላ ነገረችው። ከዚያ ከንፈሩ ደርቋልና ጥጥ ነክረሽ አምጪልኝ አለቻት።

ባቢከር ዝናቡ ሳያበቃ አረፈ። ሐዘንተኛው ተበትኖ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ አም ኢሳ ብቻቸውን መጥተው ባቡሩን እንድታሳያቸው ጠየቋት። ከፈተችላቸው። እጃቸውን ከኋላ አጣምረው፣ ሥራ ላይ ያሉ ይመስል ቀጥ ብለው ቆመው ተመለከቱ። አረንጓዴው አለፈ፤ ቀዩ ጠበቀ።

«ደግ ነው» አሉ። ወደ ቀዩ በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ «ባቢከር ግን ቀዩን ነበር የሚያስቀድመው ይመስለኛል።»

«ነግሮዎት ነው?»

«የለም። እንዲያው ይመስለኛል።»

ሰውሰን መቆጣጠሪያውን አጠፋች። መፍቻዋን ከመስኮቱ ላይ አነሳችና በጀርባዋ ተኝታ ጠረጴዛው ሥር ገባች፤ የትኞቹን ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር እንዳለባት ለማየት።